ከጅቡቲ ድንጋይ የሚያመጣው ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበር። አጥናፉ ይባላል። ኮምቦልቻ ተወልዶ፣ ኮምቦልቻ አግብቶ፣ ሦስት ልጆች ወልዶ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በተሳቢ መኪና ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ቁመቱ አጭር ነበር፤ ሳቁ ግን ሰፈሩን ይሞላ ነበር።

የጅቡቲ ሹፌር ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚመስል ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ተምር ያወርዳል፣ አንዱ የዱቄት ወተት፣ አንዱ ሽቶ፣ አንዱ ለሚስቱ የሐር ሻሽ። አጥናፉስ? አጥናፉ ድንጋይ ያወርድ ነበር። አልቀለድኩም፣ ድንጋይ! ከጋቢናው በሁለት እጁ አቅፎ፣ ሆዱ ላይ አስደግፎ፣ እንደ ጨቅላ ሕፃን እየተጠነቀቀ ያወርድና ከአጥሩ ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ እጁን አራግፎ ልጆቹን አንድ በአንድ ይስማል።

ሚስቱ ዘነቡ በር ላይ ሆና ትቀበለዋለች። "መጣልሽ ዘነቡ! የሰው ባል ሽቶ ያመጣል፣ ያንቺው ቋጥኝ ተሸክሞ ይመጣል!" ትላለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

"ቀረብ ብለሽ አሽትቺው እንጂ፣ ይኼኛው የሚሌ በረሃ ሽቶ አለው" ይላታል።

"አንተን ብሎ ነጋዴ!" ትለዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

ሰነፍ አባወራ እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ጎድሎበት አያውቅም። ጋቢናው ውስጥ፣ ከመስታወቱ ላይ፣ ሦስት ሲባጎ ተንጠልጥሎ ነበር። ሲባጎው የሦስቱ ልጆቹ እግር ልክ ነው። በየወሩ ልጆቹን አሰልፎ እግራቸውን ይለካል፣ ያደገውን ይቀይራል፤ ጫማ ባየበት ከተማ ሁሉ ሲባጎውን አውጥቶ ከሶሉ ጋር ያመሳክራል። በዚያ ሰፈር ጫማ ጠቦት የማያውቅ ልጅ ቢኖር የአጥናፉ ልጅ ነው።

ድንጋዩን ደግሞ ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ፣ እርስ በርሱ እያገጣጠመ ከአጥሩ ጋር ደረደረው። የአፋሩ ጥቁር፣ የባቲው ቀይ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው ግራጫ ሁሉ ተደርድሮ ውሎ አድሮ ረጅም መደብ ወጣው። ሰፈሩ "የአጥናፉ መደብ" አለው። ከገበያ የምትመለስ ሴት ዘንቢሏን አሳርፋ ትንፋሿን ትሰበስብበታለች፤ ሽማግሌዎች ፀሐይ ይሞቁበታል። የሰፈር ልጆች ግን የአጥናፉን ልጆች "ድንጋይ ነጋዴ" እያሉ ያበሽቋቸው ነበር፤ በተለይ ትልቋን፣ ወይንሸትን።

አጥናፉ ሌላም ጠባይ ነበረው። ያረፍዳል። "ዓርብ እገባለሁ" ካለ ቅዳሜ ነው። "ለምሳ ጠብቂኝ" ካለ ዘነቡ ምሳውን ለመክሰስ ታቀርበዋለች። የት ቆየህ ሲሉት መልሱ አንድ ነው፤ "መንገድ ነዋ!" ይላል። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አይጨምርም።

የማይጨምርበት ምክንያት ነበረው። ዘነቡ ገና ልጃገረድ ሳለች ታላቅ ወንድሟን የመኪና አደጋ ነጥቋታል። አጥናፉ ሽማግሌ ሲልክባት "ሹፌር ነው ብዬ አልመልሰውም፣ አገባዋለሁ" አለች። "ግን የመንገድ ወሬ ቤቴ እንዳይገባ። ማን ተገለበጠ፣ የት ጎማ ፈነዳ፣ ማን ተረፈ፣ ማን አልተረፈም ሲባል መስማት አልችልም።" አጥናፉ በሽማግሌዎቹ ፊት ቃል ገባ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ጠበቀው።

ወይንሸት አባቷን አብዝታ ትወድ ነበር። ለዚህም ነው ማርፈዱ ከሁሉም ይልቅ እሷን የሚያማት። ልጅ ሳለች መደቡ ላይ ቆማ የጥሩንባውን ድምፅ ስትጠብቅ ትውላለች። ስታድግ መጠበቁን ተወችው፤ ቅሬታው ግን ውስጧ ቀረ። ቅሬታው የፈነዳው በምረቃዋ ቀን ነው።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ወይንሸት ደሴ ላይ በመምህርነት ተመረቀች። እናቷ መጣች፣ ሁለቱ ወንድሞቿ መጡ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ በላይነህ ሳይቀሩ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ወጥተው ተገኙ። አባቷ "ቅዳሜ ጠዋት ካንቺ ቀድሜ ነው የምገኘው" ብሏት ነበር። ስሟ ሲጠራ ዞር ብላ አየች፤ የለም። ጥቁሩን ካባ ለብሳ ፎቶ ስትነሳ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ አየች፤ የለም። ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ገብተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ አጥናፉ ከተፍ አለ። ሸሚዙ በአቧራና በዘይት ተጨማልቋል፤ በእቅፉ ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ይዟል።

"እንኳን ደስ አለሽ የኔ መምህርት! ይቺ ያንቺ ናት። የምረቃሽ ናት" አላትና ነጯን ድንጋይ መደቡ ጫፍ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጣት።

የወይንሸት የቆየ እንባ ሁሉ በአንዴ መጣ። "የሰው አባት ከጠዋት ጀምሮ አበባ ይዞ ቆሟል። አንተ በዘጠኝ ሰዓት ድንጋይ ይዘህ ትመጣለህ?"

"ልጄ፣ መንገዱ እኮ..."

"ከመንገዱ ጋር ኑራ እንግዲህ!"

አጥናፉ ዘነቡን አየት አደረገና አፉን ዘጋ። ያን ቀን ያ ሰፈር የሚሞላ ሳቅ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ ተኳረፉ እንዳትሉ። ይሳሳማሉ፣ ይጠያየቃሉ፤ ወይንሸት ባቲ ተመድባ ማስተማር ስትጀምር በየሳምንቱ ዓርብ ሚኒባስ ይዛ ትመጣለች፣ ለአባቷ ጋቢ ትገዛለች። ነጯ ድንጋይ ላይ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ አታውቅም። ሌላ ሰው ሊቀመጥባት ሲል ደግሞ አጥናፉ "ወደዚያ ጠጋ በሉ፣ ይቺ የወይንሸት ናት" ይላል። ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ በመዳፉ ያብሳታል።

ጡረታ ወጥቶ ሁለት ዓመት እንደቆየ፣ አንድ ማክሰኞ ምሳውን በልቶ መደቡ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ሬዲዮው አጠገቡ ነበር። ዘነቡ ውሃ ይዛለት ስትመጣ ሬዲዮው ያወራል፣ አጥናፉ ግን አጥሩን ተደግፎ አርፏል። ፊቱ ላይ የሥቃይ ምልክት አልነበረም። ዘነቡ ያን ዕለት ስትጮህ የሰማ ሁሉ አለቀሰ።

የእድሩ ወጣቶች ድንኳን ይዘው መጡ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ እንደ ሰፈሩ ልማድ ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተከለ። ባጃጅ እንዳይገባ መንገዱ ከላይም ከታችም መዘጋት ነበረበት። "ድንጋይ ከየት እናምጣ?" አሉ። ወይንሸት ከባቲ መድረሷ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ተዘግቷል።

"ከአባባ ድንጋይ ውሰዱ" አለቻቸው መደቡን እያሳየች። "መንገድ መንገድ ሲል አይደል የኖረው? መንገድ ይዝጋበት።" ይህን ብላ መጀመሪያ ያስነሳችው ነጯን ድንጋይ ነው። እናቷ ከሴቶች ጋር ውስጥ ስለነበረች አላየችም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር ሆነ። የሕይወት ታሪኩን እንድትጽፍ የተደረገችው ወይንሸት ነበረች፤ መምህርት ናት፣ ትልቅም ናት። አንዱ ጎረቤት ወረቀቱን ተቀብሎ ማንበብ ጀመረ። "አቶ አጥናፉ በኮምቦልቻ ከተማ ተወለዱ። ለሠላሳ አንድ ዓመት በከባድ መኪና ሹፌርነት አገልግለዋል። ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነበሩ። ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።" ይኸው ነው። ሰው ገና ጸጥ ሳይል አለቀ።

ጋሽ በላይነህ ከቀብር መልስ ጠጋ አሏት። "ልጄ፣ አባትሽን አሳነስሽው እኮ። ለአርባው እንደገና ጻፊ፣ እኔ ራሴ ጉባኤውን ዝም አሰኛለሁ።"

"ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ? የማውቀው ይኸንኑ ነው" አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያስለቀሳት ይህ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አባቷ የነበረን ሰው በአራት መስመር ጨርሳዋለች። ለአርባው አምስተኛ መስመር ካላገኘች፣ አጥናፉ እውነትም ለቤቱ እንግዳ፣ ለመንገዱ ዘመድ ሆኖ ኖሮ ሄደ ማለት ነው። ይህን እንዴት አድርጋ በሰው ፊት ታነባለች?

ሠልስቱ ዓርብ ወጣ። ወጣቶቹ ድንኳኑን አጣጠፉ፣ ወንበሩን በጋሪ ጫኑ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ሄዱ። ድንጋዩ መንገዱ ላይ ቀረ። አትፍረዱባቸው። እኔም ትቼ አውቃለሁ፣ እናንተም ሳትተዉ አትቀሩም። ድንኳን ሲተከል ድንጋይ የሚያመጣ አይጠፋም፤ ሲነሳ ግን ሁሉም ደክሞታል፣ ሁሉም ቤት አለው።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ባጃጅ ኩርባውን ዞሮ እየበረረ መጣ። ድንጋዩን ያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። መሪውን ጠመዘዘ፣ በሁለት ጎማ ሄደ፣ የአጥናፉን አጥር ፍቆ ቆመ። ውስጡ አንዲት እናት ልጅ አቅፋ ነበር። እግዜር ትልቅ ነው፣ ማንም አልተጎዳም። ባለባጃጁ ወርዶ "ማን ነው ይህን እዚህ ጥሎ የሄደ? ልጅ የለውም? ቤተሰብ የለውም?" እያለ ጮኸ። ወይንሸት በር ላይ ቆማ ሰማችው።

በዚህ መሐል አንድ ረጅም ሽማግሌ "ወንድሜ! ወንድሜ!" እያለ እያለቀሰ ከላይ ወረደ። የአጥናፉ የመንገድ ጓደኛ እንድሪስ ነበር። መርዶውን ጅቡቲ ሆኖ ሰምቶ፣ ተሳቢውን ዋናው አስፋልት ላይ አቁሞ መምጣቱ ነው። ነጯ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ግን ልቅሶው ተቋረጠ። ጎንበስ አለና በመዳፉ ዳሰሳት።

"ይቺን እዚህ ማን አስቀመጣት?" አለ።

"እኔ ነኝ ጋሽ እንድሪስ" አለች ወይንሸት። "ለድንኳኑ መንገድ ልንዘጋ ብለን ነው።"

"ደግ አደረጋችሁ። ድንኳኑ የታለ?"

"ተነሳ።"

"ድንጋዩስ?"

ወይንሸት ፊቷን ወደተፋቀው አጥር አዞረች።

"ልጄ፣ አባትሽ እነዚህን ለምን እንደሰበሰበ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም። ስጠይቀው 'መንገድ ነዋ' ነበር የሚለኝ።"

እንድሪስ ቀና ብሎ ዘነቡን አያት። ጥቁሯን ለብሳ ከበሩ ወጥታ ነበር። "እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። የመንገድ ወሬ ቤትሽ እንደማይገባ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ፍቀጂልኝ።"

"ሰውየው ከሄደ በኋላ ምን የሚያስፈራኝ ቀረ?" አለች ዘነቡ። "ተናገር።"

እንድሪስ ወደ ወይንሸት ዞረ። "እኛ ሹፌሮች መኪና ሲበላሽብን ከጎማው ሥር ድንጋይ እንወትፋለን፣ እንዳይንሸራተት። ከኋላ የሚመጣው ከሩቅ እንዲያየን ደግሞ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ እንደረድራለን። መልካም ነገር ነው፣ ነፍስ ያድናል። ጥገናው ሲያልቅ ግን ሰው ይደክመዋል፣ ይቸኩላል፣ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ነፍስ እንዲያድን የተቀመጠው ድንጋይ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ነፍስ ያጠፋል። ስንቱን በልቷል መሰለሽ! አባትሽ ይህን አይቶ ማለፍ አልሆንለት አለ። በአንድ ጉዞ አምስቴም ስድስቴም ይቆማል። ትንንሹን ወደ ገደሉ ይገፋል፤ ትልቁን፣ ሌላው መልሶ አስፋልት ላይ እንዳያወጣው፣ ጋቢና ይጭነዋል። እኔ ከኋላው ሆኜ ጥሩንባ እየነፋሁ ስንት ቀን ሰድቤዋለሁ! 'አንተ ሰው፣ መንገዱን በውርስ ነው እንዴ ያገኘኸው?' እለዋለሁ። እሱ እየሳቀ 'እንድሪስ፣ ከኋላዬ የሚመጣውም ልጅ አለው' ይለኛል። ሌላ ነገር አያውቅም።"

ባለባጃጁ ሳይታወቀው ኮፍያውን አውልቆ ይሰማ ነበር።

ዘነቡ የበሩን መቃን ተደግፋ "መደቡስ ለእኔ ነው" አለች ቀስ ብላ። "እንደተጋባን ሰሞን ቆሜ ስጠብቀው አገኘኝ። 'ለማርፈዱ እኔ፣ ለመቆሙ አንቺ? እንዲህማ አይሆንም፣ መቀመጫ እሠራልሻለሁ' አለኝ። ድንጋዩ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። እንዳይነግረኝ ፈርቼ።"

"ነጯስ?" አለች ወይንሸት። ወደ መንገዱ እየጠቆመች ደግማ ጠየቀች። "ነጯ ድንጋይስ ጋሽ እንድሪስ?"

"ነጯንማ አብሬው ነው ያነሳኋት። የምረቃሽ ለታ ነው። ከባቲ ወዲህ ያለው ጠመዝማዛ ላይ አንድ ተሳቢ ተበላሽቶ፣ ተጠግኖ ሄዷል። ድንጋዩን እንደደረደረው ኩርባው ላይ ጥሎታል፤ ዘይቱም አስፋልቱ ላይ ፈስሷል። አጥናፉ ቆመ። 'ዛሬስ ተወው! ልጅህ ትመረቃለች፣ እለፍ!' ብዬ ጮህኩበት። አለቀሰ፣ ወይንሸት። አላህ ምስክሬ ነው፣ እያለቀሰ ነው ያነሳው። 'ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ልጁን ሊያስመርቅ ወደ ደሴ የሚሄድ ሌላ አባት ከኋላዬ ይኖራል' አለኝ። ዘይቱ ላይ አፈር በተንን፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አነሳን። ይቺ የመጨረሻዋ ነበረች። ሰዓቱን ሲያይ ስድስት አልፏል። 'እንግዲህ አመለጠኝ' አለ። 'ይቺ ለወይንሸት ትሁን። አንድ ቀን ቁጣዋ ሲበርድላት ትቀመጥባታለች።'"

ወይንሸት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፣ ወደ መንገዱ ወረደች፣ ነጯን ድንጋይ በሁለት እጇ አቅፋ አነሳች። ከበዳት። እንድሪስ ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ራሷን ነቀነቀች። እያዘገመች ወሰደቻትና ከበሩ አጠገብ፣ ከቦታዋ መለሰቻት። ከዚያ ተመልሳ ሁለተኛውን አነሳች። ባለባጃጁ ሦስተኛውን አነሳ። ወንድሞቿ ወጡ፣ ጎረቤት ወጣ። መደቡ ተመልሶ ሲቆም ወይንሸት ነጯ ድንጋይ ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

"አባባ" አለች፣ አጠገቧ ያለ ይመስል። "አረፈድኩብህ አይደል?"

ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ልቅሶ በሦስቱ ቀን ካለቀሰችው ሁሉ ይበልጥ ነበር። እናቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ አላባበለቻትም፣ አብራት አለቀሰች።

አርባው ደረሰ። ጋሽ በላይነህ እንዳሉት ጉባኤውን ዝም አሰኙ፣ ወይንሸት ወረቀቷን ይዛ ራሷ ቆመች። "አባቴ አርፋጅ ነበር" ብላ ጀመረች። ሰው ሳቀ። "ለልደቴ አርፍዷል፤ ለምረቃዬ አርፍዷል። እሱ የሚያረፍደው ሌሎች አባቶች በሰዓቱ ቤታቸው እንዲገቡ ነበር። በእሱ ምክንያት ስንት አባት ለልጁ እንደደረሰ እኛ አናውቅም፤ የደረሱትም አያውቁም፤ እሱም ቢሆን ሳያውቅ ሄደ። እኛን ደግሞ ረስቶን አያውቅም። ጋቢናው ውስጥ የሦስታችን እግር ልክ ተንጠልጥሎ ነበር። ጫማ ጠቦን አያውቅም።" እያለች ቀጠለች። ሦስት ገጽ ነበር። አንድ ሰው እንኳን አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ ጋሽ በላይነህ መነጽራቸውን እያበሱ "አሁን አባትሽን አገኘሁት" አሏት። ድንኳኑ ሲነሳ መንገዱ ላይ አንዲት ጠጠር አልቀረችም፤ ማን እንዳነሳው የሚጠይቅም አልነበረም።

ከአርባው በኋላ ባለው ዓርብ ወይንሸት ማስተማሯን ጨርሳ ከባቲ ሚኒባስ ተሳፈረች። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ ሾፌሩ መሪውን ጠምዘዝ አድርጎ አንድ ነገር ሸሸ። ወይንሸት በመስኮት አየች። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፤ የተበላሸ መኪና ግን የለም።

"ወራጅ አለ!" አለች።

"እዚህ በረሃ ላይ ምን አለሽ እህቴ?" አለ ሾፌሩ።

"አቁምልኝ ነው የምልህ፣ አሁን እመለሳለሁ።"

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዷ "ሰዓቱ ሄደ እኮ!" አለች፣ ሌላው "ምነው መምህርት፣ የቤት ሥራ ረሳሽ እንዴ?" ብሎ አሾፈ። ወይንሸት በሩን ከፍታ እየወረደች "ከኋላችን የሚመጣውም ልጅ አለው" አለች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ትታ ወደ ኩርባው ሮጠች። ሾፌሩ በመስታወቱ አያት። የመጀመሪያውን ገፋች፣ ሁለተኛውን ገፋች፤ ሦስተኛው አልነቃነቅ አላት። ሾፌሩ "ኧረ በሉ እንውረድ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን ልትሞት ነው!" ብሎ በሩን ከፈተ። ያ የሚያሾፈው ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

ኮምቦልቻ ስትደርስ ከለመደችው ሰዓት አንድ ሰዓት ዘግይታ ነበር። እናቷ መደቡ ላይ ተቀምጣ መንገድ መንገዱን ታያለች።

"የት ቆየሽ?" አለቻት።

"መንገድ ነዋ!" አለች ወይንሸት።

ዘነቡ ቀና አለች። የልጇ ቀሚስ አቧራ ለብሷል። በእቅፏ፣ ሆዷ ላይ አስደግፋ፣ ግራጫ ድንጋይ ይዛለች። እናትየው እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ሊያስለቅሳት የመጣው ነገር ሳቅ ሆኖ ወጣ። ከአጥናፉ ሞት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

"መጣልሽ ዘነቡ!" አለች፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "የሰው ልጅ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ያንቺዋ ቋጥኝ ተሸክማ መጣችልሽ!"

ታሪኩ ይኸው ነው። የተማርኩትን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ። ስንቸገር ድንጋይ እናስቀምጣለን፣ አያስነውርም። የተበላሸበት ሰው ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ የከፋው ሰውም ኩርፊያ ያስፈልገዋል። ጥፋቱ ጥገናው ካለቀ በኋላ ድንጋዩን ትቶ መሄድ ነው። ወይንሸትም በምረቃዋ ቀን አንድ ድንጋይ በራሷና በአባቷ መሐል አስቀምጣ ነበር። ሕመሙ አለፈ፤ ድንጋዩን ግን ዘጠኝ ዓመት አላነሳችውም፣ አባቷም ከዚያ ማዶ ቆሞ በየዓርቡ ሲጠርገው ኖረ። ስታነሳው እሱ አልነበረም።

ደግ አባት ማለት ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚደርስ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ የሚያረፍደው ስማቸውን ለማያውቃቸው ሰዎች መንገድ ሲጠርግ ነው። ጠርጎ ደግሞ አያወራም፤ ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው በጊዜ ፈልጉና ጠይቁ።

እናንተስ? ባለፈው ተበላሽቶባችሁ የደረደራችሁትን ድንጋይ አንስታችሁታል? ወይስ ከኋላችሁ የሚመጣው እየተደናቀፈበት ነው? ዛሬ ብትመለሱና ብታነሱት ትንሽ ታረፍዱ ይሆናል። አርፍዱ፣ ግድ የለም። ማን ያውቃል፣ በር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ሰው ገና ወደ ውስጥ አልገባም ይሆናል።